እንግዳን መቁጠር ነውር አይደለም

ባለፈው ሴሚስተር ክፍላችን ውስጥ አንድ ክርክር ተካሂዶ ነበር። ርዕሱ «ቱሪስት በበዛ ቁጥር አገር ይጠቀማል» የሚል ሲሆን እኔ የደረሰኝ የደጋፊው ወገን ነው። ለማሳመኛ የመረጥኩት የሐሩር አካባቢ ደሴቶችንና እዚያ በአየር ሲሊንደር እየተነፈሱ ባሕር ውስጥ የሚጠልቁትን ቱሪስቶች ነበር። «ጠላቂ ቱሪስት ዓሣ አያጠምድም፣ ድንጋይ አይፈነቅልም፤ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ከፍሎ ይሄዳል። ጭስ የሌለው ኢንዱስትሪ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ተጨበጨበልኝ፤ አሸነፍንም።

ከክፍል ወጥተን ሻይ ቤት ስንቀመጥ ግን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገና አባቱ ዓሣ አጥማጅ የሆነ አንድ ጓደኛዬ «ጥሩ ተናገርክ፤ ግን ስንት ሲሆኑ ነው በቃ የሚባለው?» አለኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «እኛ ዘንድ መረቡ ሲበዛ ዓሣው አነሰ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም እኮ፤ ሁሉም የልጁን እንጀራ ፈልጎ ነው የወጣው። የጠፋው የሚቆጥር ሰው ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ዕለት ያሸነፍኩት ክርክር ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነሳኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የፈለግኩት መልስ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።)

እውነቱን ለመናገር ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እንኳን ልጠልቅ ዋናም አልችልም። ቢሆንም የአንድን ነገር ሒሳብ ለመረዳት የግድ ውስጡ መግባት አያስፈልግም የሚል እምነት አለኝ። ደግሞስ ነገ ተመርቀን ቢሮ ስንቀመጥ የምንወስነው ብዙውን ጊዜ ስላላየነው ቦታ አይደለም እንዴ?

ለመሆኑ ጠላቂው ምን ለማየት ነው የሚሄደው?

ስኩባ የሚባለው የጠለቃ ስልት በዓለም ላይ የተስፋፋው ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 የመተንፈሻ መሣሪያውን ከሠሩ በኋላ ነው። ሰው በ10 ሜትር በጠለቀ ቁጥር በላዩ ላይ የሚጫነው ግፊት በ1 አትሞስፌር ይጨምራል። መሣሪያው ከዚያ ግፊት ጋር የሚመጣጠን አየር ስለሚሰጥ ጠላቂው እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሜትር በታች አይወርድም። ደስ የሚለው (ወይም የሚያሳዝነው) ነገር ደግሞ የባሕሩ ውበት በብዛት ያለው እዚያው ብርሃን በሚደርስበት ጥልቀት ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጠላቂውና ውበቱ አንድ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት ማለት ይቻላል።

የዚያ ሁሉ ውበት መሠረቱ ኮራል ነው። ብዙዎቻችን ኮራል ሲባል ድንጋይ ወይም ተክል ይመስለናል። ነገር ግን እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ትንንሽ ፍጥረታት አጠገብ ለአጠገብ ሆነው ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ ቤት ይሠራሉ። በሰውነታቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለፖሊፑ ያካፍላሉ፤ ቀለሙንም የሚሰጡት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ፖሊፑ በበኩሉ ማደሪያ ይሰጣቸዋል። የኮራል ሪፍ ከውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ዓይነቶች ሩብ ያህሉ በሆነ የሕይወት ዘመናቸው ከሪፍ ጋር የተያያዙ ናቸው ተብሎ ይገመታል። ትልልቅ ድብልብል የሆኑት የኮራል ዓይነቶች በዓመት የሚያድጉት 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። እንግዲህ የአንድ ሰው ቁመት ያህል የሆነ ኮራል ከ100 ዓመት በላይ ኖሯል ማለት ነው። አንድ ጀማሪ ጠላቂ በእግር መቅዘፊያው ሲረግጠው ግን የሚሰበረው በአንድ ሰከንድ ነው።

ክርክሩ ላይ «አይቶ ይሄዳል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ጠላቂ ሚዛኑን ሲስት እጁን ያሳርፋል፣ ጉልበቱን ያስደግፋል፣ አሸዋ ያቦናል። በተለይ ካሜራ የያዘ ሰው ኮራሉን የመንካት ልማዱ ከሌሎች የባሰ ሆኖ ተገኝቷል። ማንም ሆን ብሎ አይደለም፤ ጓደኛዬ እንዳለው ማንም ክፉ ሰው የለም። ጁሊ ሆኪንስና ካለም ሮበርትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ባቀረቡት ግምት አንድ የጠለቃ ቦታ ጉልህ ጉዳት ሳይደርስበት የሚችለው በዓመት ከ5,000 እስከ 6,000 ጠለቃ ነው። ይህ ቁጥር ለሁሉም ቦታ እኩል እንደማይሠራ የታወቀ ነው። ገደላማ የሆነ ሪፍ ጠላቂውን ከኮራሉ ስለሚያርቀው የበለጠ ሊችል ይችላል፤ ቅርንጫፋማ ኮራል የበዛበት ጥልቀት የሌለው ቦታ ደግሞ ያንንም ላይችል ይችላል። ዋናው ነገር ቁጥር መኖሩ ነው። «ስንት ሲሆኑ ነው በቃ የሚባለው» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው ማለት ነው!

ታዲያ መልሱን በተግባር የሞከሩ አሉ ወይ? አሉ። ሦስት ደሴቶችን ላንሳ።

ሲፓዳን፤ እንቁላል በመቁጠር የተገኘ አገር

ሲፓዳን በማሌዥያ ሳባ ግዛት፣ በሴሌቤስ ባሕር ላይ ያለች በጣም ትንሽ ደሴት ናት። ከሞተ እሳተ ገሞራ ጫፍ ላይ ኮራል ተገንብቶ የተፈጠረች ስትሆን ዙሪያዋ 600 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ከባሕሩ ዳርቻ ጥቂት እርምጃ እንደተራመዱ ገደል ነው። የባሕር ኤሊዎች በብዛት ይገኙባታል። ባራኩዳ የተባሉት ዓሦች በመቶዎች ሆነው እንደ አውሎ ነፋስ እየተሽከረከሩ የሚታዩበት ቦታ አላት። ግንባራቸው ያበጠ ትልልቅ ፓሮትፊሾች ደግሞ ኮራል እየቆረጠሙ በመንጋ ያልፋሉ። ኩስቶ በ1980ዎቹ መጨረሻ ፊልም ከሠራባት በኋላ ዓለም ጎረፈላት፤ ሆቴሎችም እዚያችው ላይ ተሠሩ።

የዚህች ደሴት ታሪክ ውስጥ ለእኔ በጣም የገረመኝ ነገር አለ። ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ሲፓዳንና ጎረቤቷ ሊጊታን የማን ናቸው በሚል ተካስሰው ጉዳዩ ሄግ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2002 ለማሌዥያ ፈረደ፤ 16 ለ 1 በሆነ ድምፅ። ስምምነትና ካርታ ጉዳዩን አልቆረጠውም። የማሌዥያን ወገን የረዱት ማስረጃዎች ምን ቢሆኑ ጥሩ ነው? በቅኝ ግዛት ዘመን የነበረው አስተዳደር በ1917 የኤሊ እንቁላል መልቀምን በደንብ መቆጣጠሩ፣ በ1933 ሲፓዳንን የወፎች መጠበቂያ ማድረጉና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሁለቱ ደሴቶች ላይ የመብራት ማማ መሠራቱ ናቸው። በሌላ አነጋገር ፍርድ ቤቱ የጠየቀው «ማን ተቆጣጠረ? ማን ደንብ አወጣ?» ብሎ ነው። የኤሊ እንቁላል ማን እንደሚወስድና እንዴት እንደሚወስድ የወሰነ አካል ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ባለቤትነት አገኘበት። ባለቤትነት ማለት መጠበቅ ነው የሚል ካለ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለው አይመስለኝም።

ማሌዥያም ደሴቷን በእጇ ካደረገች በኋላ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በደሴቷ ላይ የነበሩት ሆቴሎች በሙሉ በ2004 መጨረሻ እንዲወጡ ተደረገ። ቱሪስቱ ሌላ ደሴት ላይ አድሮ በጀልባ እየሄደ ጠልቆ እንዲመለስ ሆነ። የጎብኚው ቁጥርም በቀን በ120 ተወሰነ። ቆይቶ ይህ ቁጥር ከፍ ተደርጓል፤ እኔ ቅር ያለኝም እዚህ ላይ ነው። እስቲ እናስላው። በቀን 120 ሰው በዓመት 43,800 ሰው ይሆናል። እያንዳንዱ 2 ጊዜ ብቻ ቢጠልቅ 87,600 ጠለቃ ነው። ይህን ወደ 12 ለሚጠጉት የጠለቃ ቦታዎች ብናካፍለው ለአንዱ 7,300 ይደርሰዋል። በርግጥ ፈቃዱ ሁልጊዜ ይሞላል ማለት አይደለም፤ ሁሉም ሰው ሲሊንደር አዝሎ ላይጠልቅ ይችላል፤ የሲፓዳን ገደልም ከሌላው የተሻለ የሚችል ይሆናል። ስሌቱም የኔ የተማሪ ስሌት ነው። ነገር ግን ጥብቅ የተባለው ቁጥር እንኳ ተመራማሪዎቹ ከገመቱት ጣሪያ በላይ ሊሄድ እንደሚችል ያሳያል። ጥብቅ ነው ተብሎ የሚወራ ደንብ ሁሉ ጥብቅ ነው ማለት አይደለም።

ሌላም ትምህርት አለ። በግንቦት 2006 የግንባታ ዕቃ የጫነ ትልቅ ጀልባ ሲፓዳን ሪፍ ላይ ወጥቶ ኮራሉን ፈጨው። ጠላቂ በቀን ተቆጥሮ በሚገባበት ቦታ ጠጠርና ብረት የጫነ ጀልባ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው ጎብኚው ብቻ ሳይሆን «ለጎብኚው ነው» እየተባለ የሚመጣው ግንባታም መሆን አለበት።

ቦኔር፤ ደንብ ያለ ገንዘብ

ሁለተኛዋ በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው፣ ዛሬ በኔዘርላንድስ ሥር ያለችው ቦኔር ናት። እዚያ ጠላቂው ጀልባ እንኳ አያስፈልገውም። መንገድ ዳር ስሙ የተጻፈበት ቢጫ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ያያል፣ መኪናውን ያቆማል፣ ሲሊንደሩን አዝሎ በእግሩ ገብቶ ይጠልቃል።

ይህች ደሴት ደንብ ማውጣት የጀመረችው ገና ብዙ ጠላቂ ሳይመጣ ነው። በ1961 የኤሊ ጎጆና እንቁላል እንዲጠበቅ ሕግ ወጣ። በ1971 በጦር ዓሣ መውጋት ተከለከለ። በ1975 ኮራል መንቀል ተከለከለ። በ1979 ደግሞ ደሴቷን የከበበው ባሕር፣ ከዳርቻው እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ድረስ፣ ፓርክ ሆነ። ጀልባ መልሕቅ መጣል ስለማይፈቀድለት የሚታሰርባቸው ቋሚ ተንሳፋፊዎች ተተከሉ። አንድ መልሕቅ ሲጎተት የሚያደርሰውን ጥፋት መቶ ጠላቂ ላያደርሰው ይችላልና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠላቂዎች ጓንት እንዳያደርጉም ተከልክለዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እጁ ባዶ የሆነ ሰው የሚቆርጥና የሚያቃጥል ነገር ለመንካት አይደፍርም።

ግን ልብ በሉ! ፓርኩ በ1979 ከተቋቋመ በኋላ የመጀመሪያው የእርዳታ ገንዘብ ሲያልቅ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሥራው ቆመ። ሕጉ አለ፤ ጠባቂ የለም፤ ጠላቂው ግን በየዓመቱ ይጨምራል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ፓርኩ እንደገና ነፍስ የዘራው በ1991 ሲሆን ከ1992 መጀመሪያ ጀምሮ እያንዳንዱ ጠላቂ 10 ዶላር እንዲከፍል ተደረገ። በዚያን ጊዜ «ቱሪስት ይሸሻል» ብለው የፈሩ ነበሩ። ቱሪስቱ አልሸሸም። ገንዘቡ ለጠባቂ ደመወዝ፣ ለጀልባና ለተንሳፋፊዎች እድሳት ዋለ። ክፍያው ከጊዜ በኋላም ጨምሯል።

ከቦኔር የተረዳሁት ደንብ ብቻውን ወረቀት መሆኑን ነው። ምክር ደግሞ ከወረቀትም ያንሳል። ለምሳሌ በግብፅ ራስ ሙሐመድ በ1990ዎቹ በተደረገ ጥናት ጠላቂዎች ከመግባታቸው በፊት ስለ ኮራሉ አጠር ያለ ትምህርት ሲሰጣቸው ኮራል የሚነኩበት ጊዜ በጣም ቀንሶ ነበር። ይህን ሳነብ «በቃ፣ ማስተማር ይበቃል» ብዬ ተደስቼ ነበር። ቀጥሎ ግን በ2004 የታተመ በሴንት ሉሲያ ደሴት የተደረገ ጥናት አገኘሁ። እዚያ አጭር ማሳሰቢያ መናገር ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም፤ ለውጥ ያመጣው አስጎብኚው ውሃው ውስጥ አብሮ ሆኖ የሚነካውን ሰው ሲያርመው ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር የሚናገር ሰው ሳይሆን የሚያይ ሰው መኖሩ ነው። የሚያይ ሰው ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል።

ፓላው፤ የሻርኩ ዋጋ

ሦስተኛዋ በምዕራብ ፓስፊክ የምትገኘው ፓላው ናት። ሕዝቧ ከአንድ መካከለኛ የአዲስ አበባ ወረዳ እንኳ የሚያንስ፣ 18,000 አካባቢ ነው። ብሉ ኮርነር በሚባለው ታዋቂ ቦታ ኃይለኛ ጅረት ስላለ ጠላቂዎች ሕይወት በሌለው ድንጋይ ላይ ሜንጦ አያይዘው በገመድ እንደ ባንዲራ እየተውለበለቡ ሻርኮቹ ሲያልፉ ያያሉ። የማይናደፉ ያህል የሆኑ ወርቃማ ጄሊፊሾች የሚኖሩበት ሐይቅም አላት።

ፓላው በ2009 የባሕር ክልሏን በሙሉ ሻርክ የማይጠመድበት አድርጋ አወጀች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ብዙ ሳይቆይ ተመራማሪዎች አንድ ስሌት አወጡ። በዋና ዋናዎቹ የጠለቃ ቦታዎች የሚታይ አንድ ሻርክ ለአገሪቱ የቱሪዝም ገቢ በዓመት 179,000 ዶላር፣ በዕድሜ ዘመኑ ደግሞ 1.9 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዋጋ አለው። ያው ሻርክ ተጠምዶ ቢሸጥ የሚያወጣው 108 ዶላር ነው። ሻርክ ዘግይቶ የሚወልድና በአንድ ጊዜ ጥቂት ግልገል ብቻ የሚያገኝ እንስሳ ስለሆነ አንዴ ካለቀ መተኪያው ሩቅ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ብዙ አገር ወርቁን በ108 ዶላር ሸጦታል።

እኔ ክርክሩ ላይ የጠቀስኩት ይህን ቁጥር ብቻ ነበር። ያልጠቀስኩት ቀጥሎ የሆነውን ነው። በ2015 ፓላውን የጎበኘው ሰው ከ160,000 በላይ ደረሰ፤ ከሕዝቡ 8 እጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚያው ዓመት መንግሥቱ ከቻይና የሚመጡ የቻርተር በረራዎችን በግማሽ ቀነሰ። እስቲ አስቡት! ገንዘብ ይዞ በሩ ላይ የቆመን እንግዳ «ግማሽህ ተመለስ» ማለት ለአንድ ትንሽ አገር ቀላል ነው? የፓላው ሰዎች ግን የጥንት ባህል ነበራቸው። አለቆቻቸው አንድ ሪፍ ሲደክም ዓሣው እስኪያገግም ድረስ ማንም እንዳያጠምድበት ይዘጉት ነበር፤ «ቡል» ይሉታል። አሁንም ያደረጉት ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ በመረብ ፋንታ አውሮፕላን መዝጋታቸው ነው።

ከዚያም ቀጠሉ። ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ ጎብኚው ወደ አገሪቱ ሲገባ ፓስፖርቱ ላይ የሚታተም ቃል ኪዳን ለፓላው ልጆች ይፈርማል። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ 80 በመቶ የሚሆነው የባሕር ክልል ከዓሣ ማጥመድ ተዘጋ። ኮራል የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች ያሉባቸው የፀሐይ መከላከያ ቅባቶችም ታገዱ።

እዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች

በበኩሌ የምደግፈውን ብቻ ብጽፍ ያው የክርክሩን ስህተት መድገም ይሆንብኛል። ስለዚህ ተቃውሞዎቹንም ላንሳ።

አንደኛው የጓደኛዬ ነው። «ባሕሩ ለጠላቂ ሲባል ሲዘጋ ዓሣ አጥማጁ ምን ይብላ?» አለኝ፤ የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ሳስነብበው። ከባድ ጥያቄ ነው። ከሲፓዳን ማዶ ሴምፖርና አካባቢ ባጃው የሚባሉ፣ ከባሕር ጋር የኖሩና ብዙዎቹ የየትኛውም አገር ዜግነት የሌላቸው ሰዎች አሉ። ጠላቂው በጀልባ ሲያልፍ ቤታቸውን ፎቶ ያነሳል፤ ከሚከፍለው ግን ስንቱ ነው እነሱ ዘንድ የሚደርሰው? በፓላውም ቢሆን የባሕሩ መዘጋት መላላት አለበት የሚሉ ድምፆች ከዚያው ከአገሪቱ ተነስተዋል። በእኔ አመለካከት የመግቢያ ክፍያ ማለት የጠባቂ ደመወዝ ብቻ መሆን የለበትም። መረቡን ለሰበሰበው ሰው የጀልባ ሥራ፣ የአስጎብኚነት ሥልጠና፣ ወይም የራሱ የማጥመጃ ክልል ካልሰጠ ያ ጥበቃ ሳይሆን ነጥቆ ለሌላ መስጠት ነው። ሰውዬው ደግሞ ማታ ማታ ተደብቆ ማጥመዱ አይቀርም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን አደርገዋለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሙቀት ነው። የባሕር ውሃ ከለመደው የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያባርርና ነጭ ይሆናል። ሙቀቱ ካልበረደ በረሃብ ይሞታል። በ1998 ፓላው ከኮራሏ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣችው በዚህ ምክንያት ነው። በ2023 የጀመረውና በ2024 በይፋ የታወጀው አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ከዓለም ሪፎች ከ80 በመቶ በላይ የሆኑትን ነክቷል። በቦኔርም በ2023 የኮራልን ሥጋ የሚበላ በሽታ ገብቶ ብዙ አጥፍቷል። «ታዲያ ጠላቂ መቁጠሩ ምን ይጠቅማል? ሙቀቱ ፈቃድ አይጠይቅም!» የሚል ሊኖር ይችላል። በተጨማሪም ጠላቂው ራሱ የሚመጣው ነዳጅ በሚያቃጥል አውሮፕላን ነው።

እውነት ነው። አንዲት ደሴት የዓለምን ሙቀት መቀነስ አትችልም። ግን አንድ በሽተኛ ወባ ስለያዘው ቁስሉን አንጠብለትም እንላለን? ሪፉን ከሙቀቱ መታደግ ካልተቻለ ቢያንስ ከመልሕቁ፣ ከእግር መቅዘፊያውና ከፍሳሹ ማዳን ይቻላል። የተሰበረ ኮራል ላይ ሙቀት ሲጨመር ማገገሙ ይከብደዋል። ደግሞም ጠላቂ ሁልጊዜ ሸክም ብቻ አይደለም። ላየንፊሽ የሚባለው ከሌላ ውቅያኖስ የመጣ ዓሣ በ2009 ቦኔር ሲደርስ፣ ከ1971 ጀምሮ ጦር የተከለከለባት ደሴት ለሠለጠኑ ጠላቂዎች ብቻ ልዩ መሣሪያ ፈቅዳ ዓሣውን እንዲያጠምዱ አደረገች። ደንብ ያለበት ቦታ ጠላቂ ወታደር ይሆናል፤ ደንብ በሌለበት ቦታ ግን መንጋ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገቢ ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ፓላው ድንበሯን ዘጋች፤ ከቱሪስት የሚገኘውም ገንዘብ ደረቀ። ጥበቃን በጠላቂ ኪስ ላይ ብቻ ማንጠልጠል አደገኛ መሆኑን ይህ አሳይቷል። ስለዚህ በደህናው ቀን ከተሰበሰበው ላይ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የግድ ነው። ለዚህ ምክር የባሕር ሳይንቲስት አያስፈልገንም፤ እቁብ የሚጥሉ እናቶቻችን ያውቁታል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከሦስቱ ደሴቶች የወሰድኩትን ባጭሩ ልናገር። ሲፓዳን የባለቤትነት ምስክሩ ቁጥጥር መሆኑን አሳየችኝ፤ ቁጥሩ ራሱ ግን መፈተሽ አለበት። ከቦኔር ያገኘሁት ያለ ጠባቂና ያለ ገንዘብ ደንብ ምንም እንዳልሆነ ነው። ፓላው ደግሞ ትንሽ አገርም ብትሆን «በቃ» ማለት እንደሚቻል አስተማረችኝ። ሦስቱም ፍጹም አይደሉም። ሦስቱም ግን ጓደኛዬ የጠየቀኝን ጥያቄ ደፍረው ጠይቀዋል።

እኛ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን እያልን ነው ያደግነው። እቤታችን የመጣን እንግዳ መቁጠር፣ «ስንት ናችሁ?» ማለት ነውር ነው። ለቤት ይሁን። ለሪፍ፣ ለደን፣ ለሐይቅ ግን ነውሩ አለመቁጠር ነው። ባሕር ባይኖረንም ትምህርት ክፍላችን ነገ የሚያወጣቸው ልጆች ፓርክና ሐይቅ ላይ ፈቃድ የሚሰጡ፣ ሆቴል የት ይሠራ የሚሉ፣ የመግቢያ ዋጋ የሚተምኑ ናቸው። ፈተና ላይ «ቱሪዝምን ለማሳደግ 5 ዘዴዎችን ዘርዝር» ተብለን ስንጠየቅ ሁላችንም እናውቃለን። «ማደጉ መቆም ያለበት የት ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ ግን በ3 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተጠየቅንም። መምህራኖቻችን ይህን ጥያቄ ቢጨምሩልን ደስ ይለኛል፤ ምንም እንኳ ውጤታችንን ዝቅ ቢያደርገውም!

ለጓደኛዬም እዚህ ላይ መልስ ልስጥ። ስንት ሲሆኑ ነው በቃ የሚባለው ብለኸኝ ነበር። ቁጥሩ እንደ ቦታው ይለያያል። ግን ቁጥሩን የሚያወጣው ቦታውን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ ሲያወጣም ቦታው ሳያልቅ በፊት ይሁን። ያን ዕለት የተጨበጨበልኝ ጭብጨባ ላንተ ይገባ ነበር።